ፎቶው ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ቪዲዮው ላይ ሲደበዝዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠርግ፣ የምርቃትና የሙት ዓመት ቪዲዮ ሳቀናብር ዓመታት አለፉ። «ሶፍትዌሩ ፎቶዬን አበላሸብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፎቶው የተበላሸው ታይምላይን ላይ ሳይቀመጥ በፊት ነው። ፎቶ ማስገባትና ኤክስፖርት ማድረግ ታውቃላችሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ችግሩ ልግባ።

ምልክት፦ ስልክ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ቪዲዮው ላይ ይደበዝዛል

በየሳምንቱ የማየው ይህን ነው። ምክንያቱ የአላላክ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርሳል። ስልኩ ያነሳው ግን 4000 በ3000 ነበር። ቪዲዮው ደግሞ 1920 በ1080 ነው። ስለዚህ 1280 ስፋት ያለው ፎቶ ስክሪኑን እንዲሞላ ወደ 150 በመቶ መለጠጥ አለበት። ቀስ ብሎ የሚጠጋ ዙም ሲጨመርበት 200 በመቶ ይደርሳል። የሌለ ፒክስል ከየት ይምጣ?

አንድ ቤተሰብ ከመሐል ሜዳ መጣ። የእናታቸው ሙት ዓመት ደርሷል። ፎቶዎቹ ከወንድም ወደ እህት፣ ከእህት ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ ሲዞሩ የከረሙ ናቸው። ግማሾቹ ስክሪንሾት ናቸው፤ ሰዓቱና የባትሪው ምልክት ከላይ ይታያል። የአንዱ ስፋት 540 ፒክስል ብቻ ነበር። ይህን ድንኳን ውስጥ በትልቅ ስክሪን ሊያሳዩት ነው። «መጀመሪያ ያነሳው ማነው?» አልኳቸው። ያነሳው ልጃቸው አዲስ አበባ ነበር። ደውለውለት ዋናውን በፋይል ላከ። እናትየው አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። ትልቋ ልጃቸው ስክሪኑ ፊት ቆማ ብዙ አለቀሰች።

መፍትሄው ቀላል ነው። ላኪው «ፋይል» የሚለውን መርጦ ይላክ፣ ወይም ፎቶውን በፍላሽ ያምጣው። ስክሪንሾት አትቀበሉ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የፋይሉን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ፒክስሉን እዩ። ዝም ብሎ ለሚቆም ፎቶ 1920 ስፋት ይበቃል። ዙም ለሚደረግበት 3000 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ዲፒአይው (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚቆጠረው የነጥብ ብዛት) 72 ሆነ 300 ለቪዲዮ ለውጥ የለውም፤ በዚህ የሚከራከር ሰው ጊዜያችሁን አይብላው።

አደራ፣ የደበዘዘን ፊት «ጥርት አደርጋለሁ» በሚል አፕ የሟች ፎቶ አታስነኩ። አፑ የጠፋውን ዓይንና አፍ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል። አንድ ልጅ የአባቱን ፎቶ አይቶ «ይሄ አባቴ አይደለም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዋናው ፎቶ ትልቅ ሆኖም ከደበዘዘ

ፕሪሚየር የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ «ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ» የሚለውን ነክታችኋል ማለት ነው። እሱ ፎቶውን ወደ ቪዲዮው መጠን አሳንሶ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ዙም ስታደርጉ የምታጎሉት የተቀነሰውን ነው። አጥፉትና መጠኑን በራሱ በስኬል ቁጥሩ አስተካክሉ።

ምልክት፦ ያለው የወረቀት ፎቶ ብቻ ነው፣ ሲነሳም ያብለጨልጫል

አንዲት እናት የባለቤታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። በስልክ የተነሳ ነው፤ መሐሉ ላይ የፍላሽ ብርሃን ፊታቸውን ሸፍኖታል።

«እማማ፣ ዋናው ፎቶ ቤት አለ?»

«መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ብቻ ናት፣ ልጄ።»

ያችን ጉርድ ነው የሠራናት። ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን ስታስደርጉ ዝም ካላችሁ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ጥራት አንስተው በፒዲኤፍ ይሰጧችኋል። እዚህ ላይ ዲፒአይ ዋጋ አለው። ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ 600 በሉ፤ 3500 ገደማ ፒክስል ርዝመት ይወጣዋል። ለ3 በ4 ጉርድ ግን 1200 አስደርጉ፤ 1400 በ1900 ገደማ ይሆናል። በፒኤንጂ ወይም በቲፍ ተቀበሉ። ስካነር ከሌለ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጡ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ስልኩን ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ከመታወቂያው ላይ ፎቶውን አትላጡ! ማህተም ያረፈበት ፎቶ ሲላጥ ተቀዶ አይቻለሁ። ማህተሙ ፊቱ ላይ ካልወጣ ይቅር፤ ማንንም አይረብሽም።

ምልክት፦ የነጠላው ጥለት ይርገበገባል

የሐበሻ ቀሚስ ባለበት ሠርግ ሁሉ ይመጣል። በጣም ትልቅ ፎቶ ሲያንስ ቀጫጭን ክሮቹ ከአንድ ፒክስል ይቀጥናሉ፤ ፎቶው ሲንቀሳቀስ ብልጭ ድርግም ይላሉ። አስቀድማችሁ ወደሚያስፈልገው መጠን አሳንሱት። ካልተወ ጥለቱ ላይ ብቻ 0.5 ፒክስል ጋውሺያን ብለር (ማደብዘዣ ኢፌክት) ጨምሩ። ፊት ላይ አታስነኩት።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ይንገታገታል ወይም ይዘጋል

የ108 ሜጋፒክስል ፎቶ 12000 በ9000 ነው። ፋይሉ ትንሽ ቢመስልም ሲከፈት ከ400 ሜጋባይት በላይ ራም ይይዛል። የደብረ ሲና ሙሽሮች እንዲህ ያለ 140 ፎቶ አምጥተው፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተሬ ሌሊቱን ሙሉ እየተዘጋ አነጋኝ። ሁሉንም በአንዴ ወደ 3840 ስፋት ቀንሱ። የተቀነሰውን በሌላ ፎልደር አስቀምጡ። በዋናው ላይ ሴቭ አታድርጉ። ደግሜ እላለሁ፣ በዋናው ላይ ሴቭ አታድርጉ።

ሌሎቹ አልፎ አልፎ ናቸው። ፎቶው ተጋድሞ ከገባ በኮምፒውተሩ አዙራችሁ በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት። ቁመቱ የረዘመ ፎቶ በጎን ጥቁር ከተወ አትለጥጡት፣ ሰው ይወፍራል፤ ያንኑ ፎቶ አጉልታችሁና አደብዝዛችሁ ከኋላ አንጥፉት። የአይፎን ሄይክ ፋይል አልገባ ካለ ወደ ጄፔግ ቀይሩት። ቀለሙ የተዛባ ወይም አልገባም የሚል ጄፔግ ከባነር ቤት የመጣ ሲኤምዋይኬ (ለኅትመት የሚሆን የቀለም አሠራር) ሊሆን ይችላል። ፎቶሾፕ ውስጥ ሞዱን ወደ አርጂቢ፣ ማለትም ወደ ስክሪን ቀለም፣ ለውጡት፤ ባነሩን የሠራውንም ልጅ ዋናውን ፎቶ ጠይቁት።