ለኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪ ኮሌጅ እንዴት ይመረጣል? ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎችና ወላጆች

ከኮሌጁ በፊት ትምህርቱን ለዩ። ሲቪል ምህንድስና ወደ ዲዛይን ያደላል። ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ግን ሳይት ላይ የሚያውል ነው፤ የሥራ መጠን መለካት፣ ዋጋ መተመን፣ ውል፣ ማሽነሪና ሠራተኛ ማስተዳደር ይበዛበታል። ስትራክቸር (የሕንፃውን ተሸካሚ አካል) ዲዛይን ማድረግ የሚፈልግ ልጅ ሲቪል ይግባ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ተማሪ የሚፈልገው ትምህርት ክፍል ደረሰው ማለት አይደለም። የትምህርት ክፍል ድልድል በኋላ በውጤትና በቦታ ብዛት ይወጣል። ደብረ ብርሃንንም ሆነ ፍቼ ያለውን ሰላሌን ለቅርበቱ ብላችሁ አንደኛ ከመሙላታችሁ በፊት፣ ትምህርት ክፍሉ መኖሩንና ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ እንደተቀበለ እዚያው ከሚማሩት ጠይቁ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ሳትከፍሉ የዕውቅና ፈቃዱን እዩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን በትምህርት መስክ፣ በደረጃና በካምፓስ ለይቶ ነው። የአዲስ አበባው ፈቃድ ለደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ አይሆንም፤ የአካውንቲንግ ፈቃድም ኮንስትራክሽን አያስተምርም። የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶኮፒ ስለማይበቃ ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ አትመዝገቡ።

ዋናው ፈተና ግን ቤተ ሙከራው ነው። የምረቃ ፎቶና የሚያብረቀርቅ ብሮሹር ምንም አይነግራችሁም። በሥራ ቀን ሂዱና አስከፍታችሁ ግቡ። መጀመሪያ የውሃ ገንዳውን ፈልጉ፤ ውስጡ ጎናቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ኪዩቦች መኖር አለባቸው። ኪዩብ የኮንክሪቱ ጥንካሬ እንዲለካ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ስለሚሰበር የተሞላበት ቀን ይጻፍበታል። ቀኑ የዚህ ወር ከሆነ ተማሪው እየሠራ ነው። ገንዳው ደርቆ ሸረሪት ካደራበት መሣሪያው የተገዛው ለፈቃድ ፍተሻ ነው። የመስበሪያ ማሽኑ መቼ ካሊብሬት እንደተደረገ (ልኬቱ ትክክል መሆኑ እንደተፈተሸ) ጠይቁ፤ ያልተስተካከለ ማሽን የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ስንት እንዳለም ቁጠሩ። አንዱን መሣሪያ 30 ልጅ ከተጋራው አብዛኛው አይቶ ብቻ ይመረቃል።

የአፈር ክፍሉን አትዝለሉ። የኛ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረትና ወለል የሚያፈርሰውም እሱ ነው። የአፈሩን የፕላስቲሲቲ (በእርጥበት የመለስለስ ጠባይ) እና የጥቅጠቃ ሙከራ ተማሪው በእጁ ይሠራል ወይስ መምህሩ ሲሠራ ያያል? መልሱን ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት ልጆች ስሙ፤ ሬጅስትራሩ ሁሌም «አዎ» ነው የሚላችሁ።

የመውጫ ፈተናውን ውጤት ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም። የኮሌጁ ጠቅላላ ውጤት አይጠቅማችሁም፤ ከዚሁ ትምህርት ክፍል ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ ይንገሯችሁ።

ኢንተርንሺፕ ላይ ደግሞ ሳይት የሚያገኘው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ልጁ ራሱ ደብዳቤ ይዞ እንዲዞር ከተተወ ወራቱ ቢሮ በመቀመጥ ሊያልቁ ይችላሉ። ቴክኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ማውጣት) የሚያሠራው፣ የብረት ዝርዝር የሚያስቆጥረውና ኮንክሪት ሲሞላ የሚያቆመው ሳይት ያስፈልገዋል።

አዲስ አበባ የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም የምታስቡ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አትርሱ፤ የየሳምንቱን ትራንስፖርትና አልጋ ከክፍያው ጋር ደምሩ።