በትንሽ ደሴት ላይ ለገበያ የሚበቃ ካካዎ እንዴት ይዘጋጃል፦ የሳኦ ቶሜ መንገድ

የአፍሪካ ደሴታማ አገር ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቸኮሌት ከሚሠራበት ዘር፣ ከካካዎ፣ የዓለም ቀዳሚ አምራቾች አንዷ ነበረች። ዛሬ በብዛት ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ጋር አትወዳደርም፤ መላ መሬቷ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያዋጣት ጥራት ነው፤ ጥራቱም ከሁሉ በላይ የሚለየው በማብላያው ሳጥን ውስጥ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያጠናክር ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውል።

ከገበሬው የሚገዛው እርጥብ ዘር ይሁን። እያንዳንዱ በየጓሮው አብላልቶና አድርቆ ሲያመጣ አንዱ ጆንያ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ጥሩ ከፋይ ቸኮሌት አምራችም እንዲህ ያለውን አይፈልግም። 100 ኪሎ እርጥብ ዘር ሲደርቅ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ይሆናል፤ የእርጥቡ ዋጋ ከዚህ ተነሥቶ ይሰላል። ከፊሉ በርክክብ ዕለት፣ ቀሪው ከሽያጭ በኋላ ቢከፈል ይመረጣል። የበሰለውና ጥሬው በአንድ ዋጋ ከተገዛ ግን ለይቶ የሚለቅም አይኖርም።

ለቀማው በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ነው። ፍሬው በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም፤ አበባ የሚወጣበት የግንዱ ጉብታ ከቆሰለ ያ ቦታ ዳግም ላያፈራ ይችላል። ጥቁር ብስባሽ በሚባለው የፍሬ በሽታ የተመታውን ከማሳ ማውጣት ነው። ፍሬው በዱላ ይሰበር፤ ገጀራ ዘሩን ይቆርጠዋል፣ በቁስሉም ሻጋታ ይገባል።

ማብላላት

ቡና አጣቢ የነበረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሸት ቡና የሚብላላው በዋናነት ልሐጩ እንዲላቀቅ ነው፤ ካካዎ ግን ካልተብላላ የቸኮሌት ጣዕም አይኖረውም። ስለዚህ ዘሩ ሳይታጠብ፣ ነጭ ሥጋውን እንደለበሰ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርሾ የሥጋውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ሽታው እንደ ጠጅ ጥንስስ ነው። ቀጥሎ አየር ሲገባው ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጣሉ፤ ክምሩም ይግላል። ሙቀቱና አሲዱ ተባብረው ዘሩን ይገድሉታል፣ ጣዕሙም መሠረቱን የሚይዘው ያኔ ነው።

ሳጥኑ ጠንካራ፣ ሽታ የሌለው እንጨት ይሁን፤ ጎኑ አንድ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 600 ኪሎ ያህል ይይዛል። ታቹ ጭማቂው የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል። አሲዱ ብረት ስለሚበላ በሚስማር ፋንታ የእንጨት ችካል ይሻላል። ሦስት ሳጥኖች እንደ ደረጃ ቢደረደሩ ከላይኛው ወደ ታችኛው ማውረዱ ራሱ ማገላበጥ ይሆናል። ክምሩን በሙዝ ቅጠልና በጆንያ ሸፍኖ በ48 ሰዓት አንዴ፣ በ96 ሰዓት ሁለተኛ ማገላበጥ ነው። በሳኦ ቶሜ ለተለመደው የካካዎ ዝርያ፣ ለአሜሎናዶ፣ ስድስት ቀን ገደማ ይበቃል።

ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ከውድ ማድረቂያ ማሽን ቀድሞ ይገዛ። በሦስተኛው ቀን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ካላሳየ ክምሩ ትንሽ ነው፣ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም አየር አልገባውም። ከሁሉ የከፋው ስህተት የዛሬውን ዘር በትላንቱ ላይ መጨመር ነው፤ ግማሹ ሲደርስ ግማሹ ጥሬ ይቀራል፣ የሚያስተካክለውም የለም። በአምስተኛው ቀን ጥቂት ዘር ለሁለት ሰንጥቆ ማየት ነው፤ ጠርዙ ቡናማ ከሆነና መሃሉ ከገረጣ ደርሷል፣ ደማቅ ሐምራዊ ከሆነ ይቆይ። የአሞኒያ ሽታ ከመጣ መበስበስ ጀምሯልና ወዲያው ይውጣ።

ማድረቅና መፈተሽ

እርጥበቱ ወደ 7 በመቶ መውረድ አለበት። ከ8 ካለፈ ይሻግታል፣ ከ6 ከወረደ ይሰባበራል። ሰሜን ምሥራቁ ደረቅ ስለሆነ አልጋ ላይ ማስጣት ይበቃል፤ ዝናባማው ደቡብ ግን የፕላስቲክ ጣሪያ ይፈልጋል፣ በተለይ ግራቫና ከሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም ካለው ደረቅ ወቅት ውጭ። ውፍረቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በየጊዜው ይገላበጥ። በችኮላ ከደረቀ ቅርፊቱ ቀድሞ ይጠነክርና አሲዱ ውስጥ ይቀራል። በእንጨት እሳት የሚደርቅ ከሆነ የጭሱ ቧንቧ ሳይቀደድ መጠበቅ አለበት፤ ጭስ የገባበት ካካዎ አይታደስም።

ከእያንዳንዱ ምድብ 300 ዘር ለሁለት እየተሰነጠቀ ይቆጠራል። ለአንደኛ ደረጃ የሻገተው ከ3 በመቶ፣ ያልተብላላው ግራጫም ከ3 በመቶ አይብለጥ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ካካዎ ስለሚከለክል የእያንዳንዱ ማሳ ጂፒኤስ ነጥብ ከምድቡ ቁጥር ጋር ይመዝገብ።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በጆንያ ወደ 12 ቶን ተኩል ይይዛል። እስኪሞላ ድረስ ጆንያው ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ መርከብ ሲዘገይ እርጥበቱ በየሳምንቱ እንደገና ይለካ።