የአየር ሙቀትና የሶላር ፓነል ኃይል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት፣ ቀኑ በሞቀ መጠን ሶላር ፓነል ብዙ ኃይል ይሰጣል ብሎ ማሰብ ነው። ፓነሉ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ እንዲያውም በፓነሉ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሲሊከን ሴል ሲግል ከረንቱ በጥቂቱ ከፍ ቢልም ቮልቴጁ ከዚያ በበለጠ ስለሚወርድ፣ የሚያመነጨው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ለፓነል የሚመቸው ፀሐዩ የጠራ፣ አየሩ ግን ቀዝቀዝ ያለ ቀን ነው።

ሁለተኛው ስህተት የአየሩን ሙቀት የፓነሉ ሙቀት አድርጎ መቁጠር ነው። በፓነሉ ጀርባ የተጻፈው ዋት የሚለካው ሴሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ፓነሉ ተተክሎ ሲሠራ ግን እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው፤ አየሩ 20 ዲግሪ ብቻ ሆኖ፣ ብርሃኑም 800 ዋት ሳለ፣ የብዙ ፓነሎች ሴል 45 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበትና ነፋስ በሌለበት እኩለ ቀን ደግሞ 60 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። የአምራቹ መግለጫ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ቅናሽ የሚያመለክት ከሆነ፣ ከ25 በላይ ያሉት 35 ዲግሪዎች ከ12 በመቶ በላይ ኃይል ይወስዳሉ፤ 400 ዋት የተባለው ፓነል 350 ዋት ያህል ይሰጣል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው፣ ጤነኛውን ፓነል ተበላሽቷል ብሎ ሊያስነቅል ይችላል።

ፓነሉን ከጣሪያው ጋር አጣብቆ መትከልም ጉዳት አለው፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ክፍተት ቢተውለት አየር ከሥሩ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ይወስድለታል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ግን መስታወቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ እጥበቱ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ስህተት ቅዝቃዜን መርሳት ነው፤ ሙቀት ምርት ይቀንሳል እንጂ ዕቃ ወዲያው አያቃጥልም፣ ቅዝቃዜ ግን ኢንቨርተርን፣ ማለትም የፓነሉን ቀጥተኛ ከረንት ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን ተለዋዋጭ ከረንት የሚቀይረውን መሣሪያ፣ ሊያበላሽ ይችላል። ሴሉ 25 ዲግሪ ሳለ ምንም ጭነት ሳይኖረው 48 ቮልት የሚያሳይ ፓነል 20 ሆኖ በተከታታይ ሲያያዝ 960 ቮልት ይሆናል፤ ይህም 1000 ቮልት ለሚችል ኢንቨርተር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ሴሉ በቀዘቀዘ ቁጥር ቮልቴጁ በየዲግሪው 0.27 በመቶ የሚጨምር ከሆነ፣ ሴሉ ወደ 0 ዲግሪ በወረደበት ጠዋት ድምሩ 1025 ቮልት ገደማ ሊደርስ ይችላል። ፓነሉ ገና ሳይሞቅ ጠንከር ያለ ብርሃን ሲያገኘው አደጋው ይከሰታል። በመሆኑም በአንድ መስመር የሚያያዙት ፓነሎች ብዛት መወሰን ያለበት በአማካይ ሙቀት ሳይሆን፣ በቦታው በሚታወቀው እጅግ ዝቅተኛ ሙቀት ነው።

በመጨረሻም የምርት መቀነስን ሁሉ በሙቀት ማሳበብ አይገባም። ከፊል ጥላ፣ አቧራና የተሳሳተ አቅጣጫ ከሙቀት የበለጠ ኃይል ሊያሳጡ ይችላሉ፤ ሞቃት ወር ረጅምና ብሩህ ቀናት ካሉትም በጠቅላላ ምርቱ ከቀዝቃዛው ወር ሊበልጥ ይችላል። አንድ ፓነል በሚገባ መሥራቱን መመዘን የሚፈልግ ሰው የሚያርፍበትን ብርሃን፣ የጀርባውን ሙቀትና የሚሰጠውን ዋት በተመሳሳይ ጊዜ አብሮ መለካት ይኖርበታል።