በከዚራ ያለ የባቡር ዘመን ቤትን በኖራ መጠገን

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ባቡሩን በተራራው ወደ ሐረር ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ጣቢያው ከአቀበቱ ግርጌ ቀረ፤ የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ባለ በረንዳ ቤቶችም በዙሪያው ተቆረቆሩ። ከእነዚህ መካከል በድንጋይና በኖራ የተገነባ ቤት ያለው ሰው ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት ለከተማው የባህልና የቅርስ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይኖርበታል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋልና።

ቀጥሎ የእርጥበቱን ምንጭ መፈለግ ነው። የተቀደደ ቆርቆሮና የተደፈነ አሸንዳ ሳይስተካከል፣ የዝናቡም ውኃ ከግድግዳው ሥር የሚርቅበት ቦይ ሳይበጅለት ልስን መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው።

ግድግዳውን በጣት አንጓ እያንኳኩ መፈተሽ ይጠቅማል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከድንጋዩ ተላቋል። ከግርጌ በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከታየና ልስኑ ሲሚንቶ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሲሚንቶ ነው። ኖራ ግድግዳው የሳበውን እርጥበት ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ የታፈነው ውኃም ጨውን ይዞ ድንጋዩንና መጋጠሚያውን ይበላል። ለእነዚህ ቤቶች ከጎርፍም ይልቅ የምፈራላቸው ይህን በበጎ ፈቃድ የሚደረግ የሲሚንቶ «እድሳት» ነው።

ስለዚህ ሲሚንቶው ድንጋዩን ሳይጎዳ በመሮና በቀላል መዶሻ ቀስ እየተባለ ይነሣና ግድግዳው እስኪደርቅ ይቆያል። ለልስኑ አንድ እጅ በውኃ የበረደ ኖራና ሦስት እጅ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ ይበቃል። ጥሬ ኖራ ውኃ ሲነካው ስለሚፈላና ዓይን ስለሚያቃጥል፣ የዓይን መከላከያና ጓንት ሳይደረግ፣ ሕፃናትም ሳይርቁ ሥራው አይጀመርም።

በድሬዳዋ ፀሐይ ትልቁ ጥንቃቄ ከዚህ በኋላ ነው። ግድግዳው አስቀድሞ በውኃ ይርሳል፤ ልስኑ ረፋዱ ሳይሞቅ በስሱ ይለጠፋል፤ ወዲያውም ፊቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ተሰቅሎለት ለበርካታ ቀናት ጥላ ውስጥ ይቆያል። በአንድ ቀን የደረቀ ኖራ ይሰነጠቃል፣ ሲዳስሱትም ይረግፋል። ሁለተኛው ድርብ የሚጨመረው የመጀመሪያው በጥፍር ሲጫኑት የማይጎደጉድ ሲሆን ነው። በመጨረሻም የፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን ቀጭን የኖራ ቅብ ደጋግሞ ይቀባል።