በቀላሉ የሚተረተር ቆዳ ሲቆስል፦ የኤለርስ ዳንሎስ ቁስል አያያዝ

ሌላው ልጅ ሰንበር ብቻ ይዞ በሚነሳበት አወዳደቅ፣ ኤለርስ ዳንሎስ ሲንድረም ያለበት ልጅ የቅልጥሙ ቆዳ አፉን ከፍቶ ይነሳል። ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ነው። ቆዳን፣ ጅማትንና የደም ሥርን አስሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ይጎድላል ወይም በትክክል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ምደባ 13 ዓይነት አለው። እዚህ የምናወራው ቆዳን ክፉኛ ስለሚጎዳው፣ ክላሲካል ስለሚባለው ነው። ከወላጆች አንዱ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

1. ቆዳውን ለዩ

ከእጅ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን የክንድ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ በቀስታ ሳቡት። ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ተስቦ፣ ሲለቀቅ ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ አንዱ ምልክት ነው። በአንገት፣ በክርንና በጉልበት ላይ ልኬቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀስ ብሎ የሚመለስ ወይም ረግቦ የሚንጠለጠል ቆዳ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኩቲስ ላክሳ የሚባል ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። የኤለርስ ዳንሎስ ቆዳ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ግንባር፣ ጉልበትና ቅልጥም ላይ ደግሞ የሰፋ፣ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳና የተጨማደደ ጠባሳ ይታያል። እነዚህ ካሉ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየሳቡ ማሳየት ግን ይቅር።

2. ደሙን አቁሙ፣ እጠቡ

በንጹህ ጎዝ 10 ደቂቃ ሙሉ ተጫኑት፤ በየመሃሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ያስነሳል። ከዚያ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ2 የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ጨው አሟሙታችሁ አፍስሱበት፤ አትፈትጉ። የተፈጨ ቡና አታድርጉ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ቡናውን ለማውጣት መፈተግ የግድ ይሆናል፤ ሲፈተግ ደግሞ ቆዳው አብሮ ይነሳል። አልኮልም ቁስሉ ውስጥ አይገባም።

3. የተገለበጠውን ቆዳ መልሱ

የተላጠው ቆዳ ተጠቅልሎ ከቆየ ይደርቃል። በጨው ውሃ የራሰ ጎዝ አስነክታችሁ፣ እንደ ብርድ ልብስ እየገፋችሁ ወደ ቦታው አልብሱት። ጠርዝ ለጠርዝ ካልገጠመ በግድ አትሳቡት፣ በመቀስም አትቁረጡት። ባልደረሰበት ቦታ ቁስሉ ክፍት ቢቀር ይሻላል።

4. ስፌቱ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ቁስሉ አፉን ከከፈተ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት፤ የቲታነስ ክትባትም እዚያው ይታያል። መርፌ ከመነሳቱ በፊት ለሐኪሙ የበሽታውን ስም ተናገሩ። በወረቀት ጽፎ መያዝ የበለጠ ነው፤ ልጅ እያለቀሰ ስሙ ከአፍ ይጠፋል።

የሳሳ ነጠላ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አጥብቃችሁ ብትሰፉት ክሩ ጨርቁን እየቆረጠ ይወጣል። ይህም ቆዳ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ስፌቱ በሁለት ንብርብር ይሠራል፦ ከሥር ሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ክር፣ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከላይ ደግሞ ቀረብ ቀረብ ብሎ፣ ሳይጠብቅ። የቁስሉን ጠርዞች አቀራርቦ የሚይዝ የስፌት ተለጣፊ ከላይ ቢጨመርበት ጥሩ እገዛ ነው።

ማደንዘዣውም አንዳንዱ ላይ በደንብ አይሠራም፤ ቶሎ የሚለቀውም አለ። ልጁ «ያመኛል» ካለ እውነቱን ነው፤ ይጠበቅ፣ ካስፈለገ ይጨመር።

ክሩ የሚወጣበት ቀን ዋናው ነው። በተለመደው ሕክምና የፊት ስፌት በ5 ቀን ገደማ፣ የጉልበትና የቅልጥም ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ለኤለርስ ዳንሎስ እጥፍ ነው፦ ፊት 10 ቀን፣ ጉልበት 3 ወይም 4 ሳምንት። ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው «ከ10 ቀን በኋላ» ተብሎ ከተጻፈ እዚያው ጠይቁ። ቶሎ የተፈታ የጉልበት ስፌት ከላይ የዳነ ይመስላል፤ ልጁ ደረጃ ሲወጣ ይከፈታል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰፋው ደግሞ ከበፊቱ በሳሳ ጠባሳ ላይ ነው። ክሩ ከወጣ በኋላም ተለጣፊው ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆይ።

5. ፕላስተር

ብዙ ጊዜ ከግጭቱ ይልቅ ቆዳ የሚገፈው ፕላስተር ሲነሳ ነው። «ፈጠን አድርገህ ንቀለው» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አድርጋችሁ በፋሻ ጠቅልሉ፤ ሐኪሙ ካደረገው የስፌት ተለጣፊ በቀር፣ ማጣበቂያው ፋሻው ላይ ይለጠፍ እንጂ ቆዳ ላይ አይረፍ። የሲሊኮን ማጣበቂያ ከተገኘ ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል። ተራ ፕላስተር ቀድሞ ከተለጠፈ፣ ጠርዙን ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በአንድ እጅ ቆዳውን ደግፋችሁ፣ ፕላስተሩን ወደ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ እያጠፋችሁ፣ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ ዝቅ አድርጋችሁ አንሱት።

6. ሕመምና ቀሪው

ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስና መበለዝ ይጨምራሉ።

ቆዳው ከመለጠጥ ይልቅ የሳሳ፣ ደረት ላይ የደም ሥሮች በግልጽ የሚታዩበት፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ከሆነ የደም ሥርን የሚያጠቃው ዓይነት ሊሆን ይችላል። እሱ ካለ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ወይም የደረት ሕመም እስኪነጋ አይጠበቅም፤ የደም ሥር ወይም አንጀት ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለሚሮጥ ልጅ የኳስ ተጫዋቾች የቅልጥም መከላከያና የጉልበት መሸፈኛ በየቀኑ ይጠቅማል። ማሰሪያው ራሱ ቆዳ እንዳይፍቅ ከሥር ረጅም ካልሲ አልብሱት።