የኦርጋንና የኪቦርድ አገልጋዮች ኅብረት፦ በድሬዳዋና በሐረር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

መዘምራን በቡድን ይለማመዳሉ፤ ሰባኪም ከሽማግሌዎች ጋር ይመክራል። ኪቦርድ የሚጫወት አገልጋይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአጥቢያው ውስጥ የሙያ አጋር የለውም፤ ሙያውን የሚጋሩት ሰዎች በዚያው እሑድ ጠዋት፣ በዚያው ሰዓት፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። የእንግሊዝ ኦርጋን ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ1864፣ የአሜሪካዎቹ ደግሞ በ1896 ማኅበር ያቋቋሙ ሲሆን፣ የአሜሪካው ማኅበር እስከ ዛሬ በየአካባቢው ቅርንጫፎች የተደራጀ ነው። በድሬዳዋ ሰፈሮች በከዚራ፣ በሳቢያንና በመጋላ፣ እንዲሁም በሐረር ባሉ የወንጌላውያንና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ወገኖቻችንም እንዲህ ያለ ኅብረት ያስፈልጋቸዋል። ኅብረቱ የሚጸናው አንዱ ሌላውን መተካት ሲችል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶችም ይህን መተካካት የሚያሰናክሉ ናቸው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ተተኪ ሳያፈሩ አገልግሎቱን ብቻ ይዞ መቆየት ነው። ተጫዋቹ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ፣ መዝሙሮቹ በየትኛው ኪይ (በየትኛው የድምፅ ከፍታ ተነሥተው) እንደሚዘመሩ የሚያውቀው እርሱ ብቻ በመሆኑ፣ መዘምራኑ ድምፃቸው በማይደርስበት ከፍታ ለመዘመር ይገደዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ አገልጋይ የመዝሙሩን የመጀመሪያ መስመር፣ ቅኝቱን፣ ኪዩን፣ በኪቦርዱ ላይ የሚመረጠውን የሪትም (የምት ዓይነት) ቁጥርና ፍጥነት የሚያሰፍርበት ደብተር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን ሁሉንም መዝሙር ሲ (C) ከሚባለው ድምፅ ተነሥተን መጫወትና በትራንስፖዝ፣ ማለትም የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ፣ ኪዩን መቀየር ለምደናል። ትራንስፖዙን በሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደረገ ሰው ጣቱ ሲ ላይ ቢያርፍም ለጆሮ የሚሰማው ኢ ፍላት (ከኢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ስለሆነ፣ በደብተሩ መጻፍ ያለበት የሚሰማው ኪይ ነው፤ አለዚያ ተተኪው የተጻፈውን አምኖ መዘምራኑን ያሳስታል። ደብተር ብቻውን ግን ሰው አያፈራም። ጀማሪው በረቡዕ ወይም በዓርብ የጸሎት ፕሮግራም በጉባኤ ፊት እንዲጫወት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ልጃገረዶችን በመዘምራን ወንበር ብቻ መወሰንም የዚሁ ስህተት አካል ነው፤ ፍላጎቱ ያላቸው ብዙ ናቸውና።

ሁለተኛው ስህተት ሌላውን ለመተካት የሄደ እንግዳ የራሱን አጥቢያ ልማድ ይዞ መግባቱ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን በአራት ድምፅ የተቀናበረ መዝሙር ከቁጥር እስከ ቁጥር በሥርዓት ይዘምራል፤ ሌላው ደግሞ የአምልኮ መሪውን እየተከተለ ያለ ማቋረጥ ከመዝሙር ወደ መዝሙር ይሸጋገራል። እንግዳው ቢያንስ አንድ ልምምድ አብሮ ሊገኝ ይገባዋል። በተለይ በአገራችን ቅኝቶች ላይ ያለ ግድየለሽነት ያሳዝነኛል። አምባሰል ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው፤ ኢ የሚባል ድምፅ የለውም። የሲ ሜጀር ኮርድ (ሲ፣ ኢ እና ጂ በአንድነት ሲመቱ) ግን ኢን ስለሚጨምር የቅኝቱን ጠባይ ያጠፋዋል። የመዘምራኑን ልማድ ገና ያላወቀ እንግዳ በግራ እጁ ሲና ጂን ብቻ ቢይዝ ዜማው ሳይበላሽ ያልፋል።

ሦስተኛው የመሰብሰቢያ ጊዜንና ቦታን ያለማገናዘብ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ያለው መንገድ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎ ዳገት አለበት፤ ስብሰባው ሁልጊዜ ድሬዳዋ ሆኖ ቢመሽ የሐረር አገልጋዮች በመመለሻ ትራንስፖርት ይቸገራሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገምም መምጣታቸውን ይተዋሉ። ቦታውን ማፈራረቅ፣ አንዳንዴም መሐል ላይ በምትገኘው ሐረማያ መገናኘት ይቻላል። የድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታባቸው በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከመቀጣጠር ይልቅ ቅዳሜ ማለዳ ይሻላል። ለገናና ለፋሲካ ዝግጅት በሚደረግባቸው ሳምንታት ስብሰባ መጥራት ጨርሶ አይገባም። ስንገናኝም ሻይ ጠጥቶ ከመለያየት አንድ መዝሙር ተራ በተራ ተጫውቶ መተራረም ይበልጥ ያቀራርባል።

ስለ ገንዘብ አስቀድሞ ያለመነጋገርም ብዙ ወዳጅነት ያበላሻል። አገልግሎቱ በነጻ ነው ማለት እንግዳው የትራንስፖርቱን ከኪሱ ይክፈል ማለት አይደለም፤ ጋባዡ አጥቢያ ይህን ሊሸፍን ይገባል። ሠርግ ላይ የሚከፈል ካለም ከቀኑ በፊት በግልጽ መታወቅ አለበት።

በውሰት መሣሪያ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ደግሞ አዳፕተርን ማለዋወጥ ነው። ብዙ የያማሃ ኪቦርዶች 12 ቮልት ሲሆኑ የሶኬታቸው መሐል ፖዘቲቭ ነው፤ ቆየት ያሉ የካሲዮ ሞዴሎች ግን 9 ቮልት ሆነው መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነላቸው አሉ። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ መሰካት መሣሪያውን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ከሶኬቱ አጠገብ የተጻፈውን ቮልትና ምልክት ከአዳፕተሩ ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። መብራት ሲጠፋ ገመዱን መንቀል፣ አቧራ እንዳይገባም ኪቦርዱን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት መተካካቱን በሁለት ተጫዋቾች የስልክ ንግግር ብቻ መፈጸም ነው። ሽማግሌዎች ሳያውቁ የሚመጣ እንግዳ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ጉባኤውን ግራ ያጋባል፤ የላከውንም ያስወቅሳል። ከእሑዱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የእንግዳውን ስም፣ አጥቢያውንና የሚያገለግልበትን ቀን የያዘ አጭር ደብዳቤ ለሽማግሌዎች ቢደርስ፣ የመዘምራን ኃላፊውም የልምምዱን ሰዓት ለእንግዳው በጊዜ ማሳወቅ ይችላል።