የሺንጉ ወንዝን ባለ መስመር አምባዛ በቤት አኳሪየም ማኖር

ሃይፓንሲስትረስ ዜብራ የሚባለው አምባዛ በተፈጥሮ የሚገኘው በብራዚል፣ የአማዞን ገባር በሆነው በሺንጉ ወንዝ፣ ቮልታ ግራንዴ በተባለው ጠመዝማዛ ክፍል ብቻ ነው። እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ይህ ዓሣ ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። የቤሎ ሞንቴ ግድብ የሚኖርበትን የወንዙን ክፍል ፍሰት ቀንሶበታል፤ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2022 ንግዳቸው በፈቃድ የሚካሄድ ዝርያዎች በሚመዘገቡበት በሁለተኛው ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ በአኳሪየም ውስጥ የተፈለፈለ ዓሣ ብቻ ይግዙ፤ ለዚህ ማስረጃ ማቅረብ የማይችል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

አኗኗሩን የሚወስነው የመጣበት ውኃ ሞቃትም ፈጣንም መሆኑ ነው። ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ሲሆን፣ በወንዙ ይህን ጉድለት የሚያካክሰው ውኃው ከዐለት ጋር እየተላተመ መፍሰሱ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ይህ ሥራ የባለቤቱ ነው። ለአምስት ወይም ለስድስት ዓሦች 100 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ወለሉ ሰፊ የሆነ አኳሪየም ይበቃል። ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7.5 ይሁን። የፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) መውጫ የውኃውን ገጽ በደንብ እንዲያናውጥ አድርገው ይግጠሙት፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ያስፈልጋል። ዓሦቹን የሚያስገቡት ለዓሣ መርዝ የሆኑትን አሞኒያንና ናይትራይትን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች በፊልተሩ ውስጥ ተራብተው፣ የሁለቱም ልኬት ዜሮ ሆኖ ሲጸና ነው፤ ይህም ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን፣ ክሎሪኑ በተወገደና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውኃ ይተኩ።

በአኳሪየሙ ውስጥ የሚያስቀምጧቸውን ድንጋዮች አሸዋ ከመጨመርዎ በፊት በቀጥታ ወለሉ ላይ ይደርድሩ፤ አለዚያ ከሥራቸው ያለው አሸዋ ሲሸረሸር ተንደው ዓሦቹን ሊጨፈልቁ ይችላሉ።

ብዙ ሰው ይህ ዓሣ የመስተዋቱን አልጌ ልሶ የሚያጸዳ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን በአመዛኙ ሥጋ በል ነው። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ፣ የትንኝ እጭና ወደ ታች የሚሰጥም እንክብል ምግብ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ይስጡት። ዓይን አፋር ስለሆነ ፈጣን በላተኞች ከአጠገቡ ካሉ ጾሙን ያድራል።

ለመራባት ወንዱ ልክ ገላውን የሚያህል፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የሸክላ ዋሻ ይፈልጋል። ሴቷ ውስጡ ገብታ ብዙውን ጊዜ ከ15 የማይበልጡ ቢጫማ እንቁላሎች ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ጠባቂው ወንዱ ነው። በደካማ የእጅ ባትሪ ቢያዩት፣ አፉን ወደ ውስጥ አዙሮ በጅራቱ በሩን ዘግቶ፣ በክንፎቹ እንቁላሎቹን ሲያራግብ ይታያል። በዚህ ጊዜ ዋሻውን መነካካት ወንዱ እንቁላሎቹን እንዲያባርር ሊያደርገው ስለሚችል ይታገሡት። እንቁላሎቹ በሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹም ሆዳቸው ላይ ያንጠለጠሉትን አስኳል ጨርሰው ከዋሻው መውጣት ሲጀምሩ፣ በዚያው አኳሪየም ውስጥ በተንጠለጠለ የመረብ ሣጥን ለይተው አዲስ የተፈለፈለ የጨው ውኃ ሽሪምፕ ይመግቧቸው።